ሁለተኛ እንቁላል ነጋዴ ፍለጋ፦ ከሰቃ እስከ አሰንዳቦ

ሐሙስ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት፣ ጅማ

ከመናኸሪያው ስንነሣ ጭጋጉ የሚኒባሱን መስታወት ገና አልለቀቀም። ጭኔ ላይ ባዶ የእንቁላል ካርቶኖች ደርድሬአለሁ። ሹፌሩ ዞሮ አየኝና፣

«ጋሼ፣ ምን ጭነው ነው?» አለኝ።

«እስካሁን ምንም።»

«እሱስ ቀላል ነው» ብሎ ነዳ።

ታደሰ እባላለሁ። ጅማ፣ ኮሌጁ አጠገብ ቁርስ ቤት አለኝ። አራት ዓመት ሙሉ እንቁላል ያመጡልኝ አንድ ሰው ናቸው፤ አባ ዝናብ። ማክሰኞ ስደውልላቸው ድምፃቸው እንደ ሐዘንተኛ ነበር።

«ታደሰ፣ ዶሮዎቼ አኩርፈዋል።»

«ምን ሆነው?»

«ልጄን ድሬ የለ! ሦስት ቀን ሙሉ ድምፅ ማጉያው ከራሳቸው ላይ ሲጮህ ከረመ። ከዚያ ወዲህ አንዷም አልጣለች።»

«መቼ ይታረቃሉ ታዲያ?»

«እኔ ምን አውቄ! ሽማግሌ አልልክባቸው።»

ነገሩ ቢያስቅም ለእኔ የሚያስቅ አልነበረም። ቅዳሜ ምረቃ ነው። ከየአገሩ የሚመጡ የተመራቂ ቤተሰቦች እኔ ጋ ቁርስ ሊበሉ ተስማምተናል፤ ሁለት መቶ እንቁላል ያስፈልጋል። ያዘዘኝ ብሩክ የሚባል የደሴ ልጅ፣ ማኔጅመንት ተመራቂ ነው። ጭንቀቴን ስነግረው ራሱን ነቀነቀ።

«ጋሽ ታደሰ፣ የእርስዎ ችግር እንቁላል አይደለም። ሰፕላይ ቼይን ነው። ባክአፕ የለዎትም።»

በእኛ አነጋገር፣ አንድ ዓይን ያላት በአፈር ትጫወታለች ማለቱ ነው። እኔ አራት ዓመት በአፈር ስጫወት ኖሬአለሁ። ይኸው ሁለተኛ ነጋዴ ፍለጋ ወጣሁ።

ሐሙስ፣ ጠዋት 2 ሰዓት፣ ሰቃ

መንገዱ ቀይ ጭቃ፣ ግራና ቀኙ ትልልቅ ዛፍ ሥር የተጠለለ ቡና ነው። የሰቃ ገበያ ገና እየተዘረጋ ነው፦ አቮካዶ በክምር፣ በርበሬ በማዳበሪያ ከረጢት፣ ዝናብ የፈሩ ነጋዴዎች በላስቲክ። ጥግ ላይ ሸሪፋ የምትባል ባለሱቅ አገኘሁ። ፊቷ ክብ፣ ሳቋ ቅርብ።

«እንቁላል አለ?»

«ሞልቶ! ስልሳ አለኝ።»

ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። ካርቶኖቼን ባንኮኒዋ ላይ ዘረጋሁና እንደ ትልቅ ነጋዴ ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«በየሳምንቱ ልታቀርቢልኝ ትችያለሽ? አስተማማኝ ሰው ነው የምፈልገው።»

«ኤዬ! የኔ ሰውዬ በጣም አስተማማኝ ናቸው። ከጅማ ነው የሚልኩልኝ።»

እጄ እንቁላል እንደያዘ ቆመ።

«ከጅማ? ማን ናቸው?»

«አባ ዝናብ ይባላሉ። ብቻ ሰሞኑን ዶሮዎቻቸው አኩርፈውባቸው…»

«ሰምቻለሁ» አልኳት።

ከቤቴ ሦስት መንደር አልፎ የተጣለ እንቁላል ሰቃ ድረስ ተከትዬ መጣሁ ማለት ነው። ያም ሆኖ ከሰርጉ በፊት የመጣውን ስልሳውንም ገዛሁ። ምን ላድርግ?

ሐሙስ፣ ጠዋት 4 ሰዓት፣ ወደ ጅማ መንገድ ላይ

አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ ክሬም ሱፍ ለብሰዋል። ለዘመዳቸው ልጅ ሚስት ሊጠይቁ፣ ለሽምግልና እየሄዱ ነው። እኔ እንቁላሉን ጭኔ ላይ እንደ ሕፃን አቅፌአለሁ፤ እሳቸው ስለ ልጅቷ ቤተሰብ ያጫውቱኛል። በዚህ መሐል አህያ መንገድ ገባችና ሹፌሩ ፍሬኑን ረገጠው።

የላይኛው ካርቶን ከእኔ ጭን ወደ ሰውየው ጭን ተሻገረ። ሰውየው በሱሪያቸው ላይ ቀስ ብሎ የሚወርደውን አስኳል አዩት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ።

«አሁን እኔ የሰው ልጅ ምን ብዬ ነው የምጠይቀው?»

ከኋላ አንዲት ሴት፣ «ስንቅ ይዘን መጣን ይበሏቸው!» አለች። ሚኒባሱ በሳቅ ተናወጠ፤ ደግነቱ ሰውየውም ሳቁ። ጅማ ስንደርስ መናኸሪያው አጠገብ ካለው ቧንቧ ተንበርክኬ ሱሪያቸውን አጠብኩላቸው። ወገባቸው ላይ ነጠላዬን አገልድመው ሄዱ። ከስልሳው የተረፈኝ ሠላሳ ሰባት ነው።

ዓርብ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ አሰንዳቦ

ከጁምዓ ሶላት በኋላ ደረስኩ። የአዲስ አበባ መንገድ ከተማዋን መሐል ለመሐል ሰንጥቋት ያልፋል፤ ከባድ መኪናዎች፣ የተጠበሰ በቆሎ፣ ከመስጊድ የሚመለስ ሰው። እንቁላል ያለው ሰው ስጠይቅ ሁሉም ወደ አንድ ግቢ ጠቆመኝ። እማማ ሙና ስልሳ ዓመት ያለፋቸው ቀጭን ሴት ናቸው፤ ግቢያቸው በዶሮ ተሞልቷል።

መጀመሪያ የጠየቅኳቸው፣ «ከአባ ዝናብ ነው የሚያመጡት?» ብዬ ነው።

«አባ ዝናብ ማነው? ዶሮዎቹ አይታዩህም?»

ልስማቸው ምንም አልቀረኝም።

«ስንት ትፈልጋለህ?»

«ያለዎትን ሁሉ፣ እማማ።»

ገንፎ ያለበት ሳህን ወደኔ እየገፉ ሳቁ። «ማሎ ልጄ! ሁሉን ላንተ ሰጥቼ፣ አንተ ብታኮርፍስ? ግማሹ መንገድ ዳር ላለው ምግብ ቤት ነው፣ ግማሹ ለገበያ ነው። ላንተ ከሁለቱም እቀንስልሃለሁ፤ ሃምሳ።»

ብሩክ አራት ዓመት የተማረውን እማማ ሙና ገንፎ እያቀረቡ ጨረሱት። ሃምሳ ግን አይበቃኝም። ፊቴን አዩና በአጥሩ ላይ ተጣሩ፦ «ሀንቃቁ! ሀንቃቁ ያለው ይምጣ!» እንቁላል ማለታቸው ነው። የሰፈሩ ሴቶች መጡ፤ አንዷ በስፌት፣ አንዷ በሻሽ ቋጥራ፣ አንዷ ሰባት እንቁላል በሻይ ማንቆርቆሪያ። በማንቆርቆሪያ የመጣውን ማውጣት ብቻውን ሩብ ሰዓት ፈጀብን። በመጨረሻ መቶ ሰባ ሞላ።

በየዓርቡ ልመጣ፣ ከቁርስ ቤቴ የሚተርፈውንም ደረቅ ዳቦ ለዶሮዎቹ ላመጣ ተስማማን። ልነሣ ስል እማማ ሙና እጄን ያዙኝ።

«ያንን ሰውዬ፣ አባ ዝናብን፣ እንዳትተወው። ሰው በጨነቀው ቀን አይጣልም።»

አፈርኩ። መንገድ ሙሉ ስለ እንቁላላቸው እንጂ ስለሳቸው አንድ ጊዜ አላሰብኩም ነበር። እዚያው ደወልኩላቸውና ዶሮዎቹ ሲታረቁ እንደ ድሮው ደንበኛቸው እንደምሆን ነገርኳቸው። «አላህ ይስጥህ» አሉኝ።

ዓርብ፣ 11 ሰዓት ተኩል፣ ጅማ

ካርቶኖቹን ዙሪያቸውን በገለባ ደግፌ፣ ሹፌሩን በየጉድጓዱ እየለመንኩ ደረስኩ። አንድም አልተሰበረም። የቁርስ ቤቱን በር በእግሬ ከፈትኩ፤ ምግብ አብሳያችን እትዬ ዘይነባ ሽንኩርት ይከትፋሉ።

«እትዬ፣ ሁለት መቶ ሞላ! ከነትርፉ!» አልኩ።

ቀና ብለው ሳያዩኝ በቢላቸው ወደ ጓዳ ጠቆሙ። ገብቼ አየሁ። መደርደሪያው፣ ጠረጴዛው፣ የዱቄት ጆንያው ላይ ሳይቀር እንቁላል ነው።

«ይሄ ሁሉ ከየት መጣ?»

«ከእህቴ። እዚሁ ጅማ፣ ሄርማታ ሰፈር፤ ከመቶ በላይ ዶሮ አላት።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?!»

«ወላሂ፣ ማክሰኞ ልነግርህ አፌን ስከፍት፣ ከዚያ ተማሪ ጋር ሰፕላይ ምናምን ትላላችሁ። ‹እትዬ፣ ትንሽ ይቆዩኝ፣ ቁም ነገር ላይ ነን› አልከኝ።» ሽንኩርቱን ወደ ድስቱ ገለበጡት። «ይኸው ቆየሁልህ።»

ቁጭ ልበል ብዬ ወንበር ፈለግኩ። ሁሉም ላይ እንቁላል ተቀምጦበታል።