ጓሮ ድረስ የሄደው ባል

ሃያ ስድስት ዓመት የሰው ልብስ ስትተኩስ የኖረች ሴት ናት። መንደሩ «እትዬ ካውያ» ይላታል፤ በስሟ የሚጠራት የለም ማለት ይቻላል። ባሏ አናጢ ነው። ሥራ ቤቱ ከመኖሪያ ቤታቸው ጀርባ፣ በአንድ ግድግዳ ተጣብቆ የተሠራ ነው።

አንዲት ልጃቸው ተድራ ከወጣች በኋላ አናጢው ፍራሹን ተሸክሞ ሥራ ቤቱ ገባ። አልተጣሉም። መጀመሪያ ሥራ በዝቶብኝ ነው አለ፤ ቀጥሎ ምክንያት መስጠቱንም ተወ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሁለቱን ቤቶች የሚያገናኘውን በር በሳንቃ ቸነከረው። እሷ በዚህ በኩል ሸሚዝ እየተኮሰች የመዶሻውን ድምፅ ትሰማ ነበር። እሱ ሲጨርስ ሸሚዙም አለቀ። ሰቀለችውና ሌላ አነሳች።

ከዚያ ወዲያ እንደ ጎረቤት ኖሩ። ጎረቤትስ ጨው ይበዳደራል።

ሁለት ዓመት አልፎ ሦስተኛው ሲጋመስ ለመፋታት ቆረጠች። ታላቅ ወንድሟ ይህን ሲሰማ ሥራውን ጥሎ መጣ።

«አልመታሽ፣ አልጠጣ፣ ሌላ ሴት አልያዘ። ዳኛ ፊት ቆመሽ ምን በደለኝ ልትዪ ነው?»

«ምንም አላደረገኝም፣ ጋሼ። እሱኑ ነው የምላቸው።»

ወንድሟ «ምንም አላደረገኝም» እያለ ትዳር የሚያፈርስ ሰው አይቶ እንደማያውቅ ተናግሮ፣ አኩርፎ ሄደ።

ፍርድ ቤቱ ደጅ ያለው ማመልከቻ ጸሐፊ የዚያን ጊዜውን ሕግ በጣቱ ቆጠረላት። ያለ በቂ ምክንያት ፍቺ የለም፤ ምክንያት የሚባለውም ወይ ዝሙት፣ ወይ ድብደባና ጭካኔ፣ ወይ ሁለት ዓመት ሙሉ ትቶ መሄድ ነው። ጨርቅ እንደሚያስመርጥ ነጋዴ፣ ከእነዚህ አንዱን ይምረጡ አላት። ትቶኝ ሄዷል አለች። የት እንደሄደ ሲጠይቃት «ጓሮ» ብላ መለሰች። ጸሐፊው ብዕሩን አስቀምጦ ቀና ብሎ አያት፤ ከዚያ ጻፈው።

ችሎት ላይ ምስክሯ የአጥር ጎረቤቷ ነበረች። ጎረቤቲቱ እውነት ልትናገር ምላ ነበርና ያየችውን አወራች፦ አናጢውን በየቀኑ ግቢ ውስጥ ታየዋለች፤ ባልና ሚስቱ ሲጨቃጨቁም ሰምታ አታውቅም። የገዛ ምስክሯ ገደል ከተተቻት። ዳኛዋ መነጽሯን ገፋ አድርጋ፣ ከግቢ ያልወጣ ሰው እንዴት ትቶ ሄደ ይባላል ስትል ጠየቀች።

ያኔ አናጢው ሳይጠየቅ ተነሳ።

«ክብርት ዳኛ፣ እውነቷን ነው። ሄጃለሁ። በሩንም በገዛ እጄ ነው የቸነከርኩት።»

ዳኛዋ ለምን ብትለው፣ ልጃቸው ከወጣች በኋላ ቤት ውስጥ የሚወራ ነገር እንዳጣ፣ ተቀምጦ ሚስቱን ከማየት እንጨት ማየት እንደቀለለው፣ እሷ ግን አንድም ጥፋት እንደሌለባት ተናገረ። ይህን ሁሉ ሲል ወደ ሚስቱ አልዞረም። እሷ የሸሚዙን ኮሌታ ታይ ነበር፤ ሳይተኮስ ነው የመጣው።

ፍቺው በዚያው ቀጠሮ ተወሰነ። ደስ ይለኛል ብላ ነበር፤ ደስ አላላትም። የፍርድ ቤቱ ደረጃ ላይ ቁጭ ብላ፣ በሩን ሲቸነክር ለምን ዝም እንዳለችው አሰበች።

አናጢው በወሩ እንጨት መሸጫዎቹ አካባቢ ክፍል ተከራይቶ ወጣ። ልጃቸው ለሁለቱም እየደወለች ትጠይቃቸዋለች። ወንድሟ ስድስት ወር አኩርፎ ከረመና አንድ ጠዋት ሁለት ሱሪ ታቅፎ መጣ። ለነገ ይድረስልኝ ከማለት በቀር ስለ ፍቺው አላነሳም። እሷም ሱሪዎቹን ተቀብላ አገላበጠቻቸውና የአንደኛው ዚፕ መበላሸቱን አሳየችው።