ከዘር ዛፎቹ የፈታሁት ክር

ልጄ ጫካ ታበቅላለች። በእኛ ሰፈር ይህን ሥራዬ ብሎ የያዘ ሰው ከእሷ በፊት አልነበረም። ተምራ ስትመለስ ቢሮ ትገባለች ስል፣ ከከተማው በላይ ካለው ተራራ፣ ሐኪም ጋራ፣ ወጥታ የወይራና የጽድ ፍሬ ትለቅማለች፤ በጣሳ ታበቅልና መልሳ እዚያው ትተክላለች። ሰዉ መጀመሪያ ሳቀባት። ቀጥሎ "መሬቱን ልትይዘው ነው" አለ። ከዚያ ዝም አለ። እኔ ደግሞ የምፈራው ዝም ያለ ሰው ነው።

ሠላሳ አልፏታል፤ ትዳር የላትም። አንድ ነገርማ አለ አልኩ። ከአራተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፣ ግን ተንኮል ይሸተኛል።

አንድ ቀን ልፈልጋት ጋራው ላይ ወጣሁና አጣኋት። ያየሁት ነገር ግን እግሬን ያዘው። ያ አሮጌ ወይራ በቀይ ክር ሦስት ዙር ታስሯል። ወዲያ ያለው ጽድም። ሌላም። ዘጠኝ ቆጠርኩ። መተት! ልጄን እዚህ ያሰሯት በዚህ ነው። ከጋራው እንጨት ቆርጠው ገበያ የሚያወርዱት እንጨት ሻጮቹ ሴቶች ይሆኑ? ወይስ ያቺ በየጠዋቱ "ዛሬም ጋራ ናት?" የምትለኝ ጎረቤቴ? በስመአብ ብዬ ሁሉንም በጥፍሬም በጥርሴም ፈታሁ፤ አቃጠልኩት። ለማንም አልተነፈስኩም።

በሳምንቱ ልጄ ጫማዋን ሳታወልቅ መደቡ ላይ ዘፍ አለች።

"ወይራውን ቆረጡት እማዬ። ከዘጠኙ የዘር ዛፎቼ አምስቱ የሉም።"

"እነማን?"

"እንጨት ሻጮቹ። ክር የታሰረበት ለዘር ነው፣ አንነካም ብለውኝ ነበር። ክሩን የመረጡት ራሳቸው ናቸው እኮ! ቀለም ማንንም አያስፈራም፣ የታሰረ ክር ግን ሰው አይደፍርም ብለው። ነገ እከሳቸዋለሁ።"

ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም። ግን ከከሰሰቻቸው መጥረቢያ ከያዘ ባላንጣ ጋር ጋራ ላይ ብቻዋን መዋሏ ነው።

"እኔ ነኝ የፈታሁት" አልኩ። "መተት መስሎኝ።"

"ዘጠኙንም?"

"ዘጠኙንም።"

ተነስታ ወደ ችግኝ ጣሳዎቿ ወጣች።

በማግስቱ እንጨታቸውን ወደሚሸጡበት ገበያ፣ ጊደር መጋላ፣ ወሰደችኝ፤ ለሴቶቹም ራሴው ነገርኳቸው። ትልቋ ሸክሟን አወረደች።

"ክሩን ስናጣ ልጅሽ ዘሩን ለቅማ የጨረሰች መስሎን ነው፣ አዴ። ባትጨርስ ትፈታዋለች?"

"ለአንዲት ሴት ዘጠኝ ዛፍ የሚያስር ምን ዓይነት ደብተራ ነው?" አለች ሌላዋ። "ለኛ ባሎች እንኳ አንድ ቁጥቋጦ ይበቃል!"

ሳቁ። እኔ ግን ዓይን ዓይናቸውን ሳይ ነበር፤ ውሸት አላገኘሁባቸውም። ክሱ ቀረ።

ልጄ ከሴቶቹ ጋር ታርቃለች። አራቱን የቀሩትን ዛፎች አብረው ይጠብቃሉ። ምልክቱን ግን ቀይረውታል። ምን እንዳደረጉት ብጠይቃት፣ "አንቺ ባታውቂው ይሻላል እማዬ" አለችኝ።