የእሑዱ ሰላምታ

ልጅ ሳለሁ ቁጥር የለየሁት ከደብተር ሳይሆን ከስልክ መስታወት ላይ ነው። ከአምበር የአንድ ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ በሚርቀው ቀበሌያችን የመጀመሪያው ስልክ የገባው እኛ ቤት ነበር። ግራጫ የጠረጴዛ ስልክ ነው፤ አንቴናው ከጓሯችን በቆመ ረጅም የባሕር ዛፍ ምሰሶ ላይ ታስሯል፤ ባትሪውን የሚሞላው ሶላር ደግሞ ቆርቆሮው ላይ ተቀምጧል። ግድግዳችን በዚያ ሰሞን ስለተለሰነ የእርጥብ ጭቃና የጭድ ሽታ ከአዲሱ ፕላስቲክ ሽታ ጋር ተደባልቆ አሁንም አፍንጫዬ ላይ አለ። ስልክ ሲደወል መስታወቱ አረንጓዴ ይበራና ሰከንድ መቁጠር ይጀምራል። እኔ መደቡ ላይ ተንበርክኬ አብሬው እቆጥራለሁ።

በስብሰባ ላይ እጇን አውጥታ «ስልኩን እኔ ልያዝ» ያለችው እናቴ ይታይሽ ናት። ፊደል አልቆጠረችም። ታናሽ ወንድሟ ሰሊጥ ሊያርም ሁመራ ወርዶ በወባ ሞቶባት ነበር፤ መርዶው እኛ ዘንድ የደረሰው አርባው ካለፈ በኋላ ነው። «ሰው እንዲህ ርቆ መቅረት የለበትም» ትል ነበር፤ ሌላ ምክንያት ሰጥታ አታውቅም። ስልኩን ያመጣው መሥሪያ ቤት ግን በውሉ ውስጥ አንድ ነገር አስፍሯል፦ ስልኩ በየወሩ የራሱን ወጪ ካልቻለ ተነቅሎ ወደ ሌላ ቀበሌ ይሄዳል።

ችግሩ የእኛ አገር ሰው ሰላምታ አለማሳጠሩ ነው። ጎረቤታችን አያ ታረቀኝ አዲስ አበባ በቀን ሥራ ላይ ላለው ልጃቸው ለጌትነት የደወሉበትን ቀን አልረሳውም። እሳቸው ጤናውን ጠየቁ፤ ሥራውን ጠየቁ፤ ቤት ያከራዩትን ሰዎች፣ አብረውት የሚያድሩትን ልጆች፣ የሰፈሩን ብርድ ጠየቁ። እሱም በተራው እናቱን፣ ከብቱን፣ ደብሩን፣ የክረምቱን አገባብ ጠየቀ። መስታወቱ ሦስት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ሲል የያዙት ገንዘብ አለቀና እናቴ ዘጋችው።

«ኧረ ዋናውን ሳልነግረው!» አሉ አያ ታረቀኝ።

«ታዲያ ለምን አስቀድመው አልነገሩትም?»

«ደህንነቱን ሳልጠይቅ? እንደ ውሻ ዘው ብዬ?»

ሁሉም እንዲሁ ሆነ። ሰው የእንቁላሉን ዋጋ ይዞ ይመጣል፤ ሰላምታው ይበላበታል፤ ጉዳዩን እንደያዘ ይመለሳል። እየዋለ እያደረ የሚመጣ ጠፋ። በሦስተኛው ወር መጨረሻ ከማርቆስ በሞተር ሳይክል የሚመጣው ሠራተኛ ሂሳቡን አይቶ አንገቱን ነቀነቀ። ክፉ ሰው አልነበረም። «እትዬ ይታይሽ፣ ሁለት ወር እጠብቅዎታለሁ። ከዚያ ግን እኔም ታዛዥ ነኝ፤ ነቅዬው ነው የምሄድ» አላት።

እናቴ ሦስት ቀን አሰበችና ሕግ አወጣች፦ ጉዳይ በፊት፣ ሰላምታ በኋላ። ሕጉን ለመሞከር መጀመሪያ የቀረቡት አያ ታረቀኝ ናቸው። መሬት ሊለካ ስለሆነ ልጃቸው ተገኝቶ ድርሻውን ማስመዝገብ ነበረበት። ጉሮሯቸውን ጠራርገው «ጌትነት፣ አባትህ ነኝ። ነገ ተነስተህ ና፤ ትፈለጋለህ» አሉና ስልኩን አስቀመጡት። አሥራ አንድ ሰከንድ! «ሰላምታውን ሲመጣ ፊት ለፊት እሰጠዋለሁ» ብለው እየሳቁ ወጡ። እናቴም ሳቀች። በእኛ አገር ሰላምታ ሳይቀድመው የሚመጣ ወሬ መርዶ ብቻ መሆኑን ሁለቱም በሰከንዱ ደስታ ረስተውት ነበር።

በማግስቱ አመሻሽ ላይ በአውድማው በኩል «ወይኔ! ወይኔ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ጌትነት ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ሁለት ጓደኞቹ በግራና በቀኝ ደግፈውት ይመጣል። እናቱ እትዬ ደብሬ ደጅ ተቀምጠው ምስር ይለቅሙ ነበር። ልጃቸውን በዚያ ሁኔታ ሲያዩት አዲስ አበባ ያለችው እህታቸው ሞታ ሊያረዳቸው የመጣ መሰላቸውና ሰፌዱን ወርውረው ደረታቸውን መቱ። ጎረቤት ልቅሶ ሲሰማ ማን ሞተ ብሎ አይጠብቅም፤ አልቅሶ ነው የሚጠይቀው። መንደሩ በሙሉ እያለቀሰ ወጣ። እናትና ልጅ ፊት ለፊት ሲገጥሙ ጌትነት ደርቆ ቀረ።

«እማ… አልሞትሽም እንዴ?»

«እኔ? ምነው ልጄ፣ ምን በደልሁህ!»

ከኋላ አንድ ሽማግሌ ዓይናቸውን በጋቢያቸው እየጠረጉ «ታዲያ እኔ ለማን ነው እስካሁን የማለቅስ?» አሉ።

ያን ምሽት ተሳቀ፤ የሳቁ ዕዳ ግን እናቴ ላይ ወደቀ። ውኃ ስትቀዳ «ይታይሽ፣ ስልክሽ በቁማችን ሊቀብረን ነው» ይሏታል። አያ ታረቀኝ ደጃችንን መርገጥ ተዉ። ስልኩ ጭራሽ ዝም አለ። እናቴ ግን በየጠዋቱ አቧራውን ትጠርግለት ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ አልዘለለችም።

ሠራተኛው ከሰጣት ሁለት ወር አንዱ ካለፈ በኋላ የማርያም ማኅበር ተራ ለእኛ ደረሰ። ማኅበርተኛ ስለሆኑ አያ ታረቀኝም ሳይወዱ መጡ። በልተው ጠጥተው ሲያበቁ እንደ ልማዳቸው ተነስተው መረቁ፤ ቤቱም በአንድ ድምፅ አሜን አለ። እናቴ የጠላውን ማንቆርቆሪያ እንደያዘች መሀል ላይ ቆመች።

«አያ ታረቀኝ፣ ለመሆኑ ለምን ለየብቻችን አይመርቁንም?»

«ለየብቻማ ከሆነ ሌሊቱስ ይበቃናል? ምን ያለሽው ነሽ!»

«ታዲያ ሰላምታውን ለምን ለየብቻ እንለዋለን? አንድ ሰው ይበለው፤ ሌላው አሜን ይበል። ከዚያ ሁሉም በየተራው ጉዳዩን ይናገር። ሰላምታው ቀድሟልና የሚደነግጥ የለም።»

አያ ታረቀኝ ዋንጫቸውን አስቀመጡ። «ሰላምታውን የሚለውስ ማን ነው?»

«እርስዎ ነዎት እንጂ! ከእርስዎ ሌላ ማን ያውቅበታል?»

ለጌትነት ተላከበትና የአገራችን ልጆች ከቅዳሴ በኋላ እሱ የተከራየበት ግቢ እንዲሰበሰቡ ሆነ፤ ከመካከላቸው ሞባይል የነበረው አንድ ልጅ ብቻ ነው፤ ቀድሞም ሁሉም የሚጠሩት በእሱ ስልክ ነበር። በእኛ በኩል አሥራ አራት ሰው ቤታችንን ሞላው። አያ ታረቀኝ ለቅዳሴ የለበሱትን ኩታ አስተካክለው ቆሙ፤ የስልኩ ድምፅ ማጉያ ተከፈተ።

«ልጆቼ፣ እንዴት ከረማችሁ? ጤናችሁ፣ ሥራችሁ፣ ያስጠጓችሁ ሰዎች ደህና ናቸው ወይ?»

ከወዲያ በኩል የብዙ ጎረምሳ ድምፅ በአንድ ላይ «እግዚአብሔር ይመስገን!» ሲል እትዬ ደብሬ እንባቸው መጣ። «እኛም፣ ከብቱም፣ እህሉም፣ ደብሩም ደህና ነን» አሉ አያ ታረቀኝ። ሃምሳ ሁለት ሰከንድ። የዚያ ዋጋ ለአሥራ አራት ሲካፈል ለአንድ ሰው የሚደርሰው ከምንም አይቆጠርም። ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱ በየተራው ቀረበ። እህትህ ታጨች። ማዳበሪያው ደርሷል። ጥጃዋን ሸጥናት። አንዷ እናት ጉዳይ አጥተው «ሳል በለኝ፤ ድምፅህን ልስማ» ቢሉ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

በሚቀጥለው እሑድ ሃያ ሁለት ሰው መጣ። ዋጋው ስለቀለለ የሚደውለው በዛ፤ የሚደውለው ስለበዛ ስልኩ ራሱን ቻለ። ይህን ነገር ኋላ በትልልቅ ቃላት ተጽፎ አንብቤዋለሁ፤ መጀመሪያ ያወቅሁት ግን ከእናቴ ነው።

ሠራተኛው በቀኑ መጣ። ስልኩን ሊነቅል መፍቻውን ይዟል። ሂሳቡን ሁለት ጊዜ አየና «ማን ነው እንዲህ የሚደውለው?» አለ። «ሁላችንም» አለችው። ነገሩን ካስረዳችው በኋላ ምሰሶው ላይ ወጣና በዚያው መፍቻ የላላውን የአንቴና ብሎን አጥብቆ ወረደ። ከዚያ ወዲህ ከሌሎች ቀበሌዎች ስልክ የያዙ ሴቶችን እየላከ ከእናቴ እንዲማሩ አደረገ። ሦስቱን አስታውሳቸዋለሁ፤ አንዷ ከደብረ ኤልያስ አጠገብ ድረስ ነው የመጣችው። ፊደል ያልቆጠረች እናቴ መደቡ ላይ አስቀምጣ አስተማረቻቸው፤ እኔም ደረቴን ነፍቼ ትምህርት ቤት ሄጄ አወራሁ።

ዛሬ ማርቆስ ውስጥ ሞባይል እጠግናለሁ፤ ሥራውን የተማርኩት እየፈታሁና እየገጠምኩ ነው። ስልክ በየኪሱ አለ፤ ሰው ለየብቻው፣ ቀስ ብሎ ይነጋገራል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ አላማርርም። ብቻ የማን ልጅ ምን እንዳገኘ፣ የማን እህት እንደታጨች እንደ ድሮው በአንድ ቤት አንሰማም።

እናቴ በዚያ ሁሉ ዘመን ለራሷ ጉዳይ አንድ ቀን እንኳ ስትደውል አላየኋትም። አሁን የራሷ ሞባይል አላት። ስትደውልልኝ ጤናዬን፣ ሥራዬን፣ አከራዬን፣ ጎን ለጎን የሚሠራውን ጫማ ሰፊ፣ የማርቆስን ዝናብ አንድ በአንድ ትጠይቃለች። እኔም አንድ በአንድ እመልሳለሁ። ባለፈው ሳምንት ስልኩን ሊወስድ የመጣ ደንበኛ ሰዓቱን ደጋግሞ ካየ በኋላ «ምነው፣ ጉዳያቸውን አይነግሩህም እንዴ?» አለኝ።

«ትንሽ ታገሰኝ» አልሁት፤ «ገና ሰላምታ ላይ ነን።»