የአገኘሁ ጀልባ

ሐይቁ ውስጥ የሰጠመውን የአገኘሁን ሬሳ ጣና አልመለሰውም። የተመለሰው የፋይበርግላስ ጀልባው ነው፤ ባዶውን፣ በሁለተኛው ቀን። ከሐሙሲት በታች ባለው መንደር፣ በልቅሶ የሟች ካባና ጠመንጃ በሚዘረጋበት ቦታ፣ ጀልባውን አቁመው ጃኬቱን ጫፉ ላይ አንጠለጠሉና አለቀሱለት። ሚስቱ ሸጊቱ ከዚያ ወዲህ ጀልባው ከግቢዋ እንዲወጣ አልፈቀደችም። ሄዳ የምታለቅስበት መቃብር አልነበራትም።

ሦስት ክረምት አለፈ። ዘንድሮ ጀልባው ውስጥ የተጠራቀመው ውሃ ትንኝ አፈላ። የጎረቤቷ የዝናሽ ልጅ በወባ ሁለት ጊዜ ወደቀች። ዝናሽ አጥሩ ጋ ቆማ፣ «ሸጊቱ፣ ሐዘንሽን አላጣሁትም፤ ልጄ ግን ገና ከጤና ጣቢያ አልወጣችም» አለቻት።

ሸጊቱ በማግስቱ የባሏን ታላቅ ወንድም ይሻውን፣ ጀልባውን እንዲያስወግድላት አስጠራች።

ይሻው የደንገል ታንኳ ሲሠራ ያረጀ ሰው ነው። የደንገል ታንኳ ዘመኑን ሲጨርስ ደርቆ ይማገዳል፤ ይህንንም ጀልባ እንደዚያው ሊያቃጥለው ክብሪት ጫረበት። ጥቁር ጭስ መንደሩን ሸፈነው። ዝናሽ እያሳለች ከቤቷ ወጣች። በውሃ አጠፉት።

«ምኑን ነው ወንድሜ የገዛው?» አለ ይሻው ዓይኑን እያሸ። «አይበሰብስ፣ አይነድ፣ ቆራሌው እንኳ አይወስደው።»

«ሲገዛው ደስ ብሎዎት ጠጅ አጠጥተውት የለም?» አለችው ሸጊቱ።

«ጠጁን ያጠጣኝ እሱ ነው።»

በመጋዝ ቆራረጡት። ብናኙ የሸጊቱን ክንድ እንደ ሳማ ለበለባት። ከዚያ ይሻው ጓሮ ውስጥ ጉድጓድ ቆፈረ፤ ጉልበቱ ጋ ሲደርስ ወጣ።

«ይጨምሩ ጋሼ።»

«ፕላስቲክ እኮ ነው፣ አንቺ።»

«ይጨምሩ።»

ፊቷን አየና ተመልሶ ገባ። ደረቱ እስኪደርስ ቆፈረ። ቁርጥራጩን እሷ ራሷ አንድ በአንድ አቀበለችው፤ እሱም ሳይወረውር አስቀመጠው።

አፈሩ ሲመለስ ሸጊቱ ነጠላዋን፣ ለቀብር እንደሚለበሰው፣ ጥለቱን ወደ አንገቷ አድርጋ አዘቀዘቀች። ይሻው ባርኔጣውን አወለቀ። ዝናሽ ከአጥሩ ማዶ ታይ ነበር። እሷም ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ በበሩ ዞራ ገባችና ከሸጊቱ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች።