ይስማው ብርብራ

ባለፈው ወር አዲስ አበባ ውስጥ ከአንድ ሱቅ ማቀዝቀዣ የዓሣ ካርቶን አንስቼ ሳገላብጥ ሳቄ መጣ። ባሕር ተሻግሮ፣ በመርከብ ተጭኖ፣ ስንት ኬላ አልፎ የመጣ ዓሣ ነው። ያውም በኩሬ ያደገ መሆኑ ካርቶኑ ላይ ተጽፏል። አባዬ ትዝ አለኝና በቆምኩበት እንባዬ ከሳቄ ተቀላቀለ። ሻጩ ልጅ ዋጋው አስደንግጧት ነው ሳይለኝ አልቀረም።

ልጅ እያለሁ፣ ከሞጣ ወጣ ብሎ ባለው ቀበሌያችን፣ ዓሣ ከወንዝ እንጂ ከማሳ ይገኛል ያለ ሰው አልነበረም። አንድ ዓመት ግን ከሐዋሳ በኩል ተመድባ የመጣች ሰናይት የምትባል የግብርና ባለሙያ ውሃ የማይጠፋበትን የአባዬን ረባዳ ማሳ አየችና እዚህ ዓሣ ይረባል አለች። ዓሣን እንደ ዶሮ የሚያረቡ አገሮች እንዳሉ፣ ለሩቅ አገር እየሸጡ ስንቱን ቤተሰብ እንደሚያስተዳድሩበት፣ ከሰዓቱን ሙሉ ስታጫውተው ዋለች። አባዬ ነገር ልቡ ውስጥ ሲገባ ጢሙን መደባበስ ይወዳል። ያን ቀን ሲደባብስ ውሎ በሳምንቱ መቆፈር ጀመረ።

ሰናይት የዓሣ ጫጩቶቹን ከባሕር ዳር በውሃ በተሞላ ላስቲክ አመጣቻቸው። ጥፍሬን አያክሉም ነበር። ጠዋት ጠዋት እኔና አባዬ ፉርሽካና አተላ እንበትንላቸዋለን፣ ውሃው ደግሞ እንዲለመልም ፍግ እንጨምራለን። አረንጓዴው ነገር ምግባቸው ስለሆነ እንዳትነኩት ብላናለች። ያ የፍግና የእርጥብ ሣር ሽታ ዛሬም ደስ ይለኛል፤ ሌላው ሰው አፍንጫውን ይዞ ነበር የሚያልፈው። አባዬ ግን ኩሬው ዳር ቁጭ ብሎ ይጠብቃቸዋል። ይቺ ከቀናችን አገሩ ሁሉ ይቆፍራል፣ ይለኝ ነበር።

ችግሩ ውሃው ከመለምለሙ የተነሳ ዓሣ የሚባል ነገር አለመታየቱ ነው። ከወር ወር አንድም ሰው አንዲት ጭራ አላየም። ሰፈሩም መሳቂያ አደረገን። ይስማው እንቁራሪት ሊያረባ ነው ተባለ። ገበያ ሲወጣ ዓሣህ ወለደች ወይ ይሉታል፣ እሱም አብሯቸው ይስቃል። እኔ ግን አልስቅም። ትምህርት ቤት አንዷ አባትሽ ለውሃ ነው አተላ የሚያጠጣው ብትለኝ ተናንቀን አስተማሪ ነው የገላገለን። እንዴት እንደምወደው እኮ! ሰው ሲስቅበት አንጀቴ ነበር የሚቃጠለው።

እኛ ጋ ዓሣም ስለሚጾም ሰናይት ፋሲካ ይለፍና መረብ ይዤ እመጣለሁ አለች። የቀጠረችው ሐሙስ ነበር። ከሐሙሱ በፊት ባለው እሁድ ደግሞ የማኅበር ጽዋው ተራ የኛ ነው፤ ያ የሚስቅብን ሰው ሁሉ ቤታችን ሊመጣ ነው። እኔም አሰብኩ። ዓሣ ሲያዝ ያየሁት አጎቶቼ ወንዝ ሲወርዱ ነው፤ የብርብራ ፍሬ ወቅጠው ይበትኑና ዓሣው ሰክሮ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ይንሳፈፋል። ወንዝ እንደሚሄድ፣ ኩሬ ግን እንደማይሄድ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ከየት ታውቃለች? እሁድ ጠዋት ፍሬውን ድንጋይ ላይ ወቅጬ በቀሚሴ አቅፌ ሄድኩና ዙሪያውን በተንኩት።

መጀመሪያ በደስታ ጮህኩ። መዳፍ የሚያክሉ ቆሮሶ ዓሣዎች ብቅ ብቅ አሉ። አሉ እኮ! ከዚያ ትንንሾቹ ተከተሉ፣ ከዚያ የነሱም ጫጩቶች፣ ውሃው እስኪነጣ ድረስ። በእጄ እየገፋሁ ተመለሱ፣ ግቡ እያልኩ ስለምናቸው አባዬ ከኋላዬ ደረሰ። ቀሚሴን አየ፣ ኩሬውን አየ። አልመታኝም። ድምፁ ብቻ ቀጠነ።

«እጅሽን ታጠቢ። ዓይንሽን እንዳትነኪበት።»

ማኅበርተኞቹ ሲመጡ ሁሉም ኩሬው ዳር ተሰለፉ። ማን እንዲህ አደረገ ሲሉ አባዬ፣ «እኔ ነኝ። ቸኮልኩ» አላቸው። እኔ እናቴ ቀሚስ ውስጥ ተደብቄ ነበር። የሳቃቸውን ነገር አታንሱት። ሐሙስ ሰናይት መረቧን በትከሻዋ ይዛ መጥታ ያው ቃል ሲነገራት ግን ይህን ሁሉ ነግሬዎት ብላ በጣም ተቆጣችው። አባዬ እንደ ተማሪ አቀርቅሮ ሰማት። ከሁሉም እሱ ነው የሚቆጨኝ። ጫጩት ዳግመኛ አልሰጠችውም፣ ኩሬው ደርቆ ጎመን ተዘራበት፣ የአባቴም ስም ከዚያ ቀን ወዲህ ይስማው ብርብራ ሆነ።

ዛሬ ጊዜው ሌላ ነው። እኛ ሰፈር ሦስት አራት ሰው ኩሬ ቆፍሯል፣ ሞጣ ውስጥም የዓሣ ጥብስ ብርቅ አይደለም። ወጣቶቹ ዋጋ በስልክ ይጠያየቃሉ፤ ያኔ እኮ መረብ ለማየት ነበር ቀን የምንቆጥረው። መጀመሪያ ማን እንደቆፈረ የሚያነሳ የለም። ቅጽል ስሙ ግን አለ።

ዘንድሮ ለፋሲካ ልጆቼን ይዤ ሄድኩ። ጎረቤቶች ባሉበት ልጄ አያቴ ለምን ብርብራ ተባለ ብሎ ጠየቀ። አባዬም ተመቻችቶ ተቀመጠና ታሪኩን ጀመረ፤ ፍሬውን ራሱ እንዴት እንደለቀመ፣ በየትኛው ድንጋይ እንደወቀጠ፣ እጁ እንዴት እንዳሳከከው ሳይቀር። እጁን እያከከ ነበር የሚያወራው። ጥርሱ አልቋል፣ ጢሙ ነጭ ሆኗል። አላስችል አለኝ።

«አባዬ፣ እኔ ነኝ እኮ የበተንኩት» አልኩ በሰው ፊት። ያን ሁሉ ዓመት አፌ ላይ የነበረ ቃል ነው።

አባዬ አየት አደረገኝና ወደ ጎረቤቶቹ ዞረ።

«አያችኋት ልጄን?» አላቸው። «ዛሬም የኔን ጥፋት ልትሸከምልኝ ትፈልጋለች።»

ሁሉም መረቁኝ። ያመነኝ ግን የለም።