አትሳቁ ባዩ ፎቶ አንሺ

በከተማዋ ቀናበልን የማያውቅ ሰው የለም፤ እውነተኛ ስሙን የሚያውቁት ግን እሱና ሚስቱ ብቻ ናቸው። ስሙን ያስጠፋው የገዛ አፉ ነው። ከክር ፋብሪካው በር ፊት ለፊት በነበረችው ጠባብ ፎቶ ቤቱ ዕድሜውን ሙሉ ጉርድ ፎቶ ሲያነሳ፣ በርጩማው ላይ የተቀመጠውን ሁሉ «ቀና በል! ጆሮህ ይታይ! አትሳቅ!» ይለው ነበር። ሙሽራ መጣ፣ ሹፌር መጣ፣ አለቃ መጣ፣ ለእሱ ሁሉም ያው ጉርድ ነው።

ፋብሪካው ተዘግቶ ግቢው ለዓመታት የአይጥ መፈንጫ ሆኖ ቆየ። በኋላ ከተማዋ ነፍስ ስትዘራ የጥጥ መጋዘኑ መጻሕፍት መደብር፣ የቦይለሩ ክፍል ሻይ ቤት ሆነና፣ ሠዓሊዎች መጥተው ጥላሸት የጠጣውን ግድግዳ ሁሉ በቀለም አጥለቀለቁት። ቀናበል ያኔ ጡረታ ወጥቶ ነበር። አመሉ ግን አብሮት ጡረታ አልወጣም፤ ካሜራውን አንግቦ የግድግዳ ሥዕሎችን ማንሳት ጀመረ።

የሚያነሳቸው ታዲያ እንደ ጉርድ ፎቶ ነው። ፊት ለፊት፣ ቀጥ አድርጎ፣ ሰው የሚባል ዝር ሳይልበት። መንገደኛ ብቅ ካለ «ወንድሜ፣ እስቲ ፈቀቅ በልልኝ» ይላል። ግድግዳውን ተደግፈው የሚያወሩ ፍቅረኞች ካሉ ወሬያቸው እስኪያልቅ እጁን አጣምሮ ይጠብቃል። የፍቅረኛ ወሬ ደግሞ መቼ ያልቃል!

«አንተ ሰውዬ፣ ሥዕሉን የሣሉት እኮ ሰው እንዲያየው ነው» ትለዋለች ሚስቱ።

«ይየዋ! ከካሜራዬ ኋላ ቆሞ ይየው።»

ከግድግዳዎቹ ሁሉ አንዱ ግን ቤቱ ድረስ ነገር ይዞበት መጣ። አንዲት ሠዓሊ ከፋብሪካው አሮጌ ቢሮ የሠራተኞች የባጅ ፎቶ አገኘችና፣ የፈትል ክፍሉን ሴቶች እንዳሉ አጉልታ ፎቅ አሳክላ ሣለቻቸው። ሁሉም ቀና ብለዋል። የሁሉም ጆሮ ይታያል። ጥርሷን ያሳየች አንዲት የለችም። ከመሃል ሆና ግንባሯን ቋጥራ ከተማውን የምትገላምጠው የቀናበል ሚስት ነች። የባጁን ፎቶ ያነሳው ማን ሆነና!

ይህቺ ሴትዮ እኮ በፈትል ክፍሉ የምትታወቀው በሳቋ ነበር። አለቃው ፈረቃ መግባቷን የሚያውቀው በማሽኑ ጩኸት መሃል ሳቋን ሲሰማ ነው። ከቀናበል ጋር የተዋወቁትም በዚሁ ጣጣ ነው። ለባጅ ልትነሳ በርጩማው ላይ ቁጭ ብላ «አትሳቂ» ሲላት ፍርስ አለች። ደገመ፤ አሁንም ፍርስ። የሳቀችባቸውን ፎቶዎች «አይረቡም» ብሎ ዓይኗ እያየ ቀደዳቸው። ደንግጣ ኮስተር ስትል ቀጭ አደረጋት። በኋላ ወዶ አገባት፤ እሷም ወዳ አገባችው፤ የቀደዳቸውን ፎቶዎች ግን አልረሳችለትም።

አንድ ቀን ባልና ሚስቱ ሻይ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጠው ሳለ አንድ አስጎብኚ እንግዶች ይዞ መጣና ግድግዳው ሥር አቆማቸው። «እነዚህን ፊቶች እዩ!» አለ እጁን ዘርግቶ። «በዚህ ግቢ ውስጥ ሳቅ የሚባል ነገር አልነበረም።»

ሚስትየው ሻዩ ትን አላት። «ኧረ በሕግ አምላክ! ሳቅ ያልነበረው በዚህ ሰውዬ ፎቶ ቤት ውስጥ ነው!» ብላ ባሏን ጠቆመች። እንግዶቹ ሁሉ ዞረው አፈጠጡበት። ቀናበል የሚገባበት ጠፋው።

ወዲያው ደግሞ ሌላ ወሬ መጣ። ሥዕሉ ያለበት ሕንፃ የእንግዳ ማረፊያ ሊሆን ነው፤ መስኮት ሊወጣለት ሰኞ ያ ግድግዳ ይፈርሳል። የሕንፃው ባለቤት ለመታሰቢያ መግቢያው ላይ የሚሰቀል አንድ ትልቅ ፎቶ እንዲያነሳለት ቀናበልን ጠየቀው። ቀናበል ደስታውን አልቻለውም፤ ማቆሚያውን መወልወል ጀመረ።

«እኛ የፈትል ክፍሉ ሴቶች ከሥዕላችን ሥር እንቁምና እየሳቅን አንሳን» አለችው ሚስቱ።

«የግድግዳ ፎቶ ላይ ሰው አይገባም።»

እሷ መቀለዷን ተወች። «ስማኝማ። ግድግዳው ሲፈርስ የሚቀረው ያንተ ፎቶ ነው። ስሞት ሰው ሁሉ ‹ኮስታራ ነበረች› እንዲለኝ ነው? ያንን ፊት የሰጠኸኝ አንተ ነህ። የራሴን መልስልኝ።»

ቀናበል መወልወያውን አስቀመጠ። አዘነም፣ አፈረም። «በይ ጥሪያቸው» አላት።

እሁድ ጠዋት የፈትል ክፍሉ ሴቶች ተኳኩለው መጡና እያንዳንዳቸው ከየፊታቸው ሥር ተደረደሩ። እስከዚያ ድረስ ሲንጫጩ የነበሩት ሴቶች ቀናበል ካሜራው ላይ ጎንበስ ሲል ጸጥ አሉ። ሳይነገራቸው ፀጉራቸውን ከጆሯቸው ኋላ ሰበሰቡ። አገጫቸውን ቀና አደረጉ። ከላይም ከታችም ያው ቅጭም ያለ ፊት ሆነ።

«እስቲ ሳቁ» አለ። ጥርስ አሳዩት እንጂ አልሳቁም። ፀጉር አስተካካዩ ጋ የሰማውን ቀልድ ጀመረላቸው፤ መጨረሻው ጠፋበት። ሰውዬው ዕድሜውን ሙሉ ሳቅ ሲያጠፋ ኖሮ ማስነሳቱን ከየት ያምጣው? ሚስቱን አያት፤ እሷም ግድግዳው ላይ ያለችውን መስላ ታየዋለች። ግንባሩን በእጅጌው ጠረገ። በዚህ መሃል ከዳር ያለችው አንገቷን ስትደፋ ያ የኖረ አፉ አመለጠው፦

«ቀና በሉ! ጆሮ ይታይ! አትሳቁ!»

ሚስቱ ፍርስ አለች። ሁሉም ተከተሏት፤ አንዷ ሌላዋ ላይ ተንጠለጠለች፣ አንዷ ሆዷን ይዛ መሬት ተቀመጠች። ቀናበልም ራሱ እየሳቀ፣ ማቆሚያውን ገፋ አድርጎት ቀጭ አደረገ።

ሊያየው ወደ ካሜራው ስክሪን ጎንበስ አለ። ፎቶው ዘምሟል። አንድ ባለ ብስክሌት ከዳር ገብቶበታል። ሚስቱ ዓይኗን ጨፍና እስከ መንጋጋዋ ትስቃለች። በእሱ ሕግ አይረባም፤ ጣቱ በልማድ ወደ ማጥፊያው ቁልፍ ሄደች።

ሚስቱ ከኋላው ደርሳ ነበር። «ይኸንንም ልትቀደው ነው?» አለችው።

ጣቱን አነሳ። «አልቀደውም» አለ።

ፎቶው ዛሬ የእንግዳ ማረፊያው መግቢያ ላይ ተሰቅሏል። እንግዶች ክፈፉ የዘመመ እየመሰላቸው ሊያቃኑት ይታገላሉ። ቀናበል በዚያ ካለፈ ፈጠን ብሎ እጃቸውን ይይዛል።

«ተዉት» ይላቸዋል። «ሚስቴ ነች።»