አክስቴ እንዴት የመንደር ስም ሆነች?

ዛሬ የገዛ አክስቴ ደጅ ላይ «ጫማዎን ያውልቁ» ተባልኩ።

ሐረር አጠገብ ካለችው ከሶፊ ዝቅ ብሎ ወንዙ ዳር ያለችውን መንደር ሰው «አይ አስካለ» ይላታል። «አይ» በሐረሪዎች ቋንቋ እናት ማለት ነው። አስካለ ደግሞ የአባቴ እህት ናት። እየቀለድኩ አይደለም!

በጃንሆይ ዘመን እዚያ መሻገሪያ ላይ የእሷ ቤት ብቻ ነበር። ክረምት ወንዙ ሲሞላ ደጇ ላይ ባለው ዋርካ ቀይ ጨርቅ ታስራለች፤ «አትሻገሩ» ማለቷ ነው። ውኃው ሲጎድል ትፈታዋለች። ወደ ሐረር ትልቁ ገበያ፣ ወደ ጊደር መጋላ፣ የሚወጣ ገበያተኛ ሁሉ መጀመሪያ ዋርካውን ያያል።

አልሰማ ያለውን በድንጋይ ትመልሰው ነበር። (ነፍሷን ይማረውና፣ ምላሷም ከድንጋዩ አይተናነስም።)

ዛሬ ስደርስ ዋርካው በጨርቅ ተሸፍኗል። አንዲት ሴት ቀይ ጨርቅ ይዛ ቆማለች።

«ጋሼ፣ ጫማዎን ያውልቁ። የወሊይ ቦታ ነው» አለችኝ።

«እህቴ፣ ምን ወሊይ፣ ምን ቅዱስ? አስካለ እኮ ክርስቲያን ነበረች። አክስቴ ናት።»

«አስተግፊሩላህ! አይ አስካለ የሁላችን እናት ናት እንጂ የማን አክስት ናት?» ብላ ተቆጣችኝ።

ልሳቅ ወይስ ልቆጣ? ግራ ገባኝ። «ምን ልትለምኛት ነው?» አልኳት።

ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ልጄ ባሕር ሊሻገር ወጥቷል። በሰላም እንድታሻግርልኝ ነው።»

ጨርቁን ጠበቅ አድርጋ አሰረችው።

በአክስቴ ቋንቋ እኮ ቀይ ጨርቅ «አትሻገር» ነው። ብትኖር ያንን ልጅ በድንጋይ ነበር የምትመልሰው።

ጫማዬን በእጄ ይዤ ቆምኩ። እናንተ ብትሆኑ ትነግሯት ነበር?